ላልተጻፈ መጽሐፍ የተጻፈ ሂስ

ቪየና፣ ሜይ 7 ቀን 1926

ለተከበሩ ዶክተር ካዚሚር ሊንትነር፣
በእህታቸው ቤት፣ ግሙንደን

የሐይቁ ነፋስ እንዳይመታዎት አንገትዎን ሸፍነው እንደሚቀመጡ፣ እህትዎም እየተቆጡ እያበሉዎት እንደሆነ አምናለሁ። እኛ ደህና ነን። እኔ በሁለት እግሬ፣ ካፌው ደግሞ በደንበኞቹ ወሬ ቆመን እንውላለን። ቀለሙ ቢቀጥን ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አሎይስ ለእንግዶች የሚያቀርበውን ቀለም ውሃ ሲጨምርበት እንደኖረ ዛሬ ገና ነው የደረስኩበት። ዋና አስተናጋጅ ሆኖ ሲቆጥብ የሚውለው የማይጠጣውን ነገር ብቻ ነው።

ለጠየቁኝ መልሱ አዎ ነው። መሄድዎን ሰው ሁሉ አውቆታል። እንዴት አይታወቅ? አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የመስኮቱን ጥግ ወንበር ሲያሞቁ የኖሩ ሰው፣ ረቡዕ ጠዋት ጋዜጣ ገልጠው፣ በብርጭቆ የቀረበልዎትን እንቁላል ሳይነኩ፣ ኮፍያዎን አንሥተው ወጡ። አሎይስ "እሜቴ፣ ዶክተር እንቁላሉን ተዉት፤ ሰው ሞቶባቸው ይሆን?" አለኝ። ጋዜጣውን ከነእንጨት መያዣው አንሥቼ ሳየው የሞተ ሰው አላገኘሁም፤ የተገደለ መጽሐፍ ግን አገኘሁ።

ወዳጅዎ ሐያሲው አቶ ፕራንትል የጻፉትን ሂስ ደጋግሜ አነበብኩት። "ዶክተር ሊንትነር 'ስለ መጠበቅ' ያሉት መጽሐፍ ጥልቅ ነው፤ አንድ ጉድለት ግን አለበት፤ በችኮላ ተጽፏል" ይላል። ይቅርታ ያድርጉልኝና ሳቄ መጣ።

በማግስቱ ሐሙስ ነበር፤ የእናንተ ቀን። አቶ ፕራንትል አዲስ ከረባት አስረው መጡና ባዶውን ወንበር አዩ።

"የታለ ሰውየው? ተቀየመ እንዴ?"

"እህታቸው ዘንድ ሄዱ" አልኩ።

"ምን ማለት ነው? ሐያሲ የወዳጁን መጽሐፍ ካልወቀሰ የማንን ሊወቅስ ነው? እኔ የምመታው የምወደውን ነው፣ እሜቴ!"

"እንግዲያው ለባለቤትዎ አዘንኩላቸው" አለ አሎይስ ከኋላቸው። ጠረጴዛው በሳቅ ፈነዳ። አቶ ፕራንትልም ሳቁ፤ ግን ዓይናቸው ከወንበርዎ አልተነሣም።

አንድ ከሊንዝ የመጣ እንግዳ ደግሞ "ይኼ ጠረጴዛ ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?" ብሎ ጠየቀኝ። "እዚህ መጽሐፍ መጀመሪያ በአፍ ይነገራል። ሐሙስ ሐሙስ አንዱ ያወራዋል፣ ሌሎቹ ይጨቃጨቁበታል፤ ጸሐፊው ቤቱ ገብቶ የሚጽፈው ከዚያ በኋላ ነው" አልኩት። ይህን ስናገር አንድ ነገር ከነከነኝ። ሂስ ከወጣ መጽሐፉ በመደብር መስኮት መታየት አለበት። ወደ ገበያ ስሄድ በመጻሕፍት መደብሮቹ በኩል ዞሬ አለፍኩ። በአንዱም የለም።

ዶክተር፣ መጽሐፉ አለ ወይስ የለም? ለእኔ ብቻ ይጻፉልኝ። በወሬ የምተዳደር ሴት መሆኔን አውቃለሁ፤ ይህን ግን እችለዋለሁ።

አክባሪዎ፣
ኦቲሊየ ቬሰሊ


ግሙንደን፣ ሜይ 12 ቀን 1926

ክብርት ወይዘሮ ኦቲሊየ፣

መልሴን ከሰላምታው ላስቀድም፤ አለዚያ ሰላምታው ሦስት ገጽ ይሆናል። የለም።

አሁን እንደምን ሰነበቱ? ሳልሰናበትዎ በመሄዴ አፍሬያለሁ። እንቁላሉንም በመተዌ አፍሬያለሁ፤ ጥሩ እንቁላል ነበር።

እውነቱ ይህ ነው። ርእሱ ተጽፏል። የምስጋናው ገጽ ተጽፏል፤ እርስዎም አሉበት። ከዚያ በኋላ ያለው ነጭ ወረቀት ነው። ሐሙስ ሐሙስ ስናገረው ትኩስ ዳቦ ነበር፤ ዓርብ ጠዋት ብዕር ሳነሣ ደርቆ አገኘዋለሁ። "ለሚቀጥለው ሐሙስ ላሻሽለው" እያልኩ አሥራ ሁለት ዓመት አለፈ። ፕራንትል ሰምቶ ሰምቶ ያነበበው መስሎታል። እንዴት ልፍረድበት? እኔም አንዳንዴ የጻፍኩት ይመስለኝ ነበር።

ለምን ወዲያው አላስተባበሉም ይሉኝ ይሆናል። በዚያው ሳምንት ሌላ ደብዳቤ ስለደረሰኝ ነው። በሰሜን ጀርመን፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ ያለ ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና ፕሮፌሰር ይፈልጋል። ሂሱን አንብበዋል። "ፕራንትል በዚህ ያህል ርዝመት የወቀሰው ሰው ከባድ ሰው መሆን አለበት" ብለው ጽፈዋል። በኦክቶበር መጀመሪያ መጽሐፉን ይዤ ከቀረብኩ ወንበሩ የእኔ ነው። እኔ ሃምሳ አምስት ዓመቴ ነው፣ ወይዘሮ ኦቲሊየ። ሕይወቴን የፈጀሁት የባለጸጋ ልጆችን ላቲን በማስተማር ነው፤ እነሱም አልተማሩም፣ እኔም አልተማርኩበትም። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ጥሪ አይመጣልኝም።

ስለዚህ በዚህ በጋ እጽፈዋለሁ። ነገሩ እንደሆነ ልቤ ውስጥ አለ፤ ያውቁታል። እንስሳ ይርበዋል እንጂ አይጠብቅም፤ መጠበቅ የሰው ብቻ ነው። ዘመናችን ግን ይህን ችሎታ እየጣለው ነው። ጋዜጣው የጠዋቱ አልበቃ ብሎ የማታ እትም አመጣ፤ ስልኩ ሳይጠራ እንቀመጥ ዘንድ አልቻልንም። በዚያ በ1914ቱ በጋ፣ ጦርነቱ ሊፈነዳ ሲል፣ የአውሮፓ መንግሥታት አንዲት ሳምንት መታገሥ ቢችሉ ኖሮ ስንት ሰው በሕይወት በኖረ! ይኼ መጻፍ አለበት። እስከዚያ ምስጢሬን ይያዙልኝ።

ያፈረው ወዳጅዎ፣
ካዚሚር ሊንትነር


ቪየና፣ ጁን 10 ቀን 1926

ውድ ዶክተር፣

ግርማ ያለው ሰላምታ ልጽፍ አስቤ ነበር፤ ምድጃው ላይ በፕሪም የተሞላ የሊጥ ድብልብል ጥጄ ስለመጣሁ አጭር ይሁንልኝ። ጤናዎን እመኛለሁ፤ ወረቀትዎ ይሙላ።

ለጥያቄዎ፦ አዎ፣ ይዤዋለሁ፤ ለአሎይስ እንኳ አልተነፈስኩም። ግን ምስጢሩን መያዝ ቀላል ነው፤ መጽሐፉን መያዝ ነው ያቃተኝ። ድንበር ተሻግሯል! የፕራግ ጋዜጣ ሰባተኛውን ምዕራፍ፣ ስለ ጥርስ ሐኪም ተራ መጠበቂያ ክፍል የጻፉትን፣ "የዘመናችን መስታወት" ብሎ አወድሶታል። የዙሪክ አንድ ቄስ ደግሞ መጽሐፉ እግዚአብሔርን ይዘልፋል ብለው አራት ዓምድ ጽፈዋል። በርሊን ያለው ሐያሲ ሁለቱንም አላነበባችሁትም ብሎ ሰደባቸው። እሱ ያነበበው ነው እንግዲህ!

ደንበኛችን የሆኑት የመንግሥት አማካሪው ሚስት ባለፈው ማክሰኞ ኬካቸውን እየቆረሱ ምን አሉ መሰልዎ?

"መጨረሻው ላይ አለቀስኩ። ማልቀሴን አልደብቅም።"

"የትኛው መጨረሻ?" አላቸው አንድ ተማሪ።

"እንዴ! አንተ አላነበብከውም?"

"ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት፣ እሜቴ። ሁለተኛው ጊዜ ይሻላል።"

ሁለቱም ወደ እኔ ዞረው የት እንደሚገዛ ጠየቁኝ፤ ለዘመድ ሊልኩ ነው አሉ። ምን ልበል? "የመጀመሪያው እትም አልቋል" አልኩ። ይቅር ይበለኝ። ግን ልብ ብለው ካዩት ውሸት አይደለም፤ አንድም አልተረፈም።

አሁን ምክሬን ይስሙ፤ ባይጠይቁኝም። ወረቀቱን እንደ ወረቀት አይዩት። እኛ ተቀምጠን እያየንዎት እንደሆነ ያስቡ፤ አቶ ፕራንትል ሲያፏጩ፣ አሎይስ ውሃ ሲቀይር፣ እኔ ከገንዘብ መቀበያው "ድምፅ!" ብዬ ስጮህ። እንደሚያወሩት ይጻፉት።

በአንድ ነገር ግን ሁልጊዜም ከእርስዎ ጋር አልስማማም፤ በአፍ አልቻልኩም፣ በጽሑፍ ልበለው። መጠበቅ ጥበብ ነው ይላሉ። የጠበቀች ሴት ጠይቀው ያውቃሉ? እኔ ባለቤቴን ቬንትሰልን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከጦር ሜዳ አራት ዓመት ጠበቅኩት። መጣ፤ በገባ በሦስተኛው ወር የኅዳር በሽታ ወሰደው። በመጠበቄ አልተጸጸትኩም። ጥበብ ነው ያለኝን ግን በማማሰያ ነው የማባርረው። በመጽሐፉ ውስጥ ለዚህ ቦታ ይፈልጉለት፤ ወይም ይተዉት።

ይልቅ ያ ከተማ፣ ሰሜን ጀርመን ያለው፣ ሩቅ ነው?

ድብልብሉ ሳይፈርስ ልሂድ።

ኦቲሊየ


ግሙንደን፣ ጁላይ 5 ቀን 1926

ክብርት ወይዘሮ ኦቲሊየ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ ስጽፍ ነበር። አዎ፣ ስጽፍ! ምክርዎን ተቀብዬ ሁላችሁንም በአንድ ረድፍ ወንበር ላይ አስቀመጥኳችሁ፤ ከዚያ በኋላ ብዕሩ አልቆመም። አሎይስን ብቻ አስወጣሁት፤ በሐሳቤም ያቋርጠኛል።

ችግሩ ሌላ ነው። እኔ ስለ ጥርስ ሐኪም አንድ ቃል ተናግሬ አላውቅም! ፕራንትል በሂሱ ውስጥ "እንደ ጥርስ ሕመምተኛ ያስጠብቀናል" ብሎ ቀለደ፤ ፕራግ ከዚያ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሠራች። አሁን ያ ምዕራፍ ስለተመሰገነ መጻፍ ግድ ሆነብኝ። ዩኒቨርሲቲውም "በተለይ ሰባተኛውን ምዕራፍ በጉጉት እንጠብቃለን" ብሏል። እዚህ ከተማ ያለው የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ክፍሉን ሳጠና ዋልኩ። ተራዬ ደርሶ ጠራኝ፤ "ለማየት ነው የመጣሁት" ብዬ አፍሬ እንዳልወጣ ጤነኛ ጥርስ አስነቀልኩ። ለሰባተኛው ምዕራፍ የከፈልኩት መሥዋዕት ይህ ነው።

የዙሪኩ ቄስም አሉ። እግዚአብሔርን ዘልፏል ብለዋልና የሆነ ቦታ ዘለፋ መገኘት አለበት። እኔ ደግሞ ዘለፋ የምችልበት ሰው አይደለሁም። ትናንት ሙሉ ቀን ስታገል ዋልኩና ለእህቴ ለክሬሰንስ አነበብኩላት።

"ይኼ እኮ ጸሎት ነው" አለችኝ።

"ቁጣው አልወጣም?"

"ካዚ፣ ስለ መጠበቅ ለሚጽፍ ሰው ቂጥህ ወንበር ላይ አይረጋም፤ ለሚዘልፍ ሰው ደግሞ ልብህ አይጨክንም። ና ሾርባህን ጠጣ።"

እየሳቅኩ ነው የምጽፍልዎት፤ ግን ሳቁ ግማሽ ነው። የራሴን መጽሐፍ ሳይሆን ሐያስያኑ ያነበቡትን መጽሐፍ እየገለበጥኩ ያለሁ ይመስለኛል። ቢሆንም እያለቀ ነው፤ በኦክቶበር እቀርባለሁ።

ስለ ቬንትሰል የጻፉትን አልመለስኩልዎትም። መመለስ ስላቃተኝ ነው።

የዚያን ከተማ ርቀት ጠይቀውኛል። ባቡር ሁለት ቦታ ይቀየራል፤ አንድ ቀን ተኩል ይፈጃል። አየሩ እርጥብ ነው ይላሉ። ለምን እንደጠየቁኝ ግን አልገባኝም፤ እዚያ ዘመድ አለዎት እንዴ?

ካዚሚር ሊንትነር


ቪየና፣ ኦገስት 19 ቀን 1926

ዶክተር፣

ዘመድ የለኝም።

ይህን ብቻ ለመጻፍ ስድስት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከዚያ ወዲህ የላኩልኝን ሁለት ደብዳቤዎችም ተቀብያለሁ። "ታመው ነው?" ላሉት አልታመምኩም። "ሙቀቱ ነው" ብዬ ጽፌ ነበር፤ ቀደድኩት። ሙቀት አልነበረም። ተቀይሜ ነበር። ፈላስፋ ሆነው ሴት የአንድን ከተማ ርቀት ለምን እንደምትጠይቅ ካልገባዎት እኔ ምን ላድርግ?

እሱን ልተወውና የሆነውን ልንገርዎት፤ ማወቅ ስላለብዎት ነው። ባለፈው እሑድ ቤቱ ጭር ባለበት ሰዓት አቶ ፕራንትል መጡ። ያለ ከረባት! አጠገቤ ቆመው የስኳር ሳህኑን ወዲያና ወዲህ ሲገፉ ቆዩ።

"እሜቴ፣ የካዚሚርን መጽሐፍ የሚያውሰኝ ይገኝ ይሆን?"

"የእርስዎስ?"

"አጣሁት። ቤቱን ገለበጥኩት። ሚስቴ አቃጠለችው ብዬ ተጣላኋት፤ አሎይስን ሰረቅከኝ ልለው ነበር። አንብቤዋለሁ እኮ! ሽፋኑ ሳይቀር ትዝ ይለኛል፤ ግራጫ ነው፣ ዳርና ዳሩ ያለቀ።"

"ያ የዶክተር ኮት እንዳይሆን" አልኩ፤ ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ።

ሰውየው ቀስ ብለው ወንበር ስበው ተቀመጡ። እኔ አንዲት ቃል አልጨመርኩም፤ ይማሉልኝ ቢሉኝ እምላለሁ። ፊቴ ግን የእኔ አይደለም፤ እንደፈለገው ይናገራል።

"አልተጻፈም" አሉ።

"እኔ ምን አውቄ?"

"ኦ አምላኬ! ሠላሳ ዓመት ቪየና ስትፈራኝ ኖረች። 'ፕራንትል ሳያነብ አይጽፍም' ይባላል። ይኼ ከተሰማ ተማሪዎች መንገድ ላይ ያጨበጭቡልኛል፣ እሜቴ። በሳቅ ነው የምሞተው፤ በሌሎች ሳቅ።"

አሳዘኑኝ። ጉላሽ ሰጠኋቸው፤ አልበሉም። ያኔ ነው ነገሩ መክበዱ የገባኝ።

እንግዲህ የሁለታችሁም አንገት በአንድ ገመድ ገብቷል። መጽሐፉን ጨርሰው ካሳተሙት አቶ ፕራንትል ይድናሉ፣ እርስዎም ፕሮፌሰር ይሆናሉ፣ ሰው ሁሉ እንዳነበበ ይቀራል። እውነቱን ከተናገሩ ወንበሩ ይቀራል፣ አቶ ፕራንትልም መሳቂያ ይሆናሉ። ማንም ጤነኛ ሰው ቢሆን ይጨርሱትና ይሂዱ ይላል። እኔም እላለሁ።

ግን ሰው የሚፈልገውን ደብቆ ምክር ሲሰጥ ምክሩ ይጣመማል። ስለዚህ በራሴ ላይ እጽፋለሁ፦ እንዲሄዱ አልፈልግም። ሐሙስ ሲደርስ ጸጉሬን የምሠራው ለአቶ ፕራንትል ብዬ አይደለም። ይኸው ወጣልኝ። ይህን ያልኩት ለማስቀረት አይደለም፤ መልስም አልጠብቅም። መጽሐፉ የእርስዎ ነው፤ ይወስኑ።

መስኮቱ ጥግ ማንም አልተቀመጠም። አሎይስ አያስቀምጥም።

ኦቲሊየ


ግሙንደን፣ ሴፕቴምበር 13 ቀን 1926

ውድ ኦቲሊየ፣

"ወይዘሮ" የሚለውን ቃል ጽፌ ሰረዝኩት፤ ድፍረቱን ይቅር ይበሉኝ።

መጽሐፉ አልቋል። ሰባተኛውም ምዕራፍ አለ፣ ዘለፋውም አለ፤ እህቴ እያገዘችኝ ተዛለፍን። ባለፈው ሳምንት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለክሬሰንስ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ስጨርስ "ጥሩ ነው። የማነው?" አለችኝ። የማነው! የፕራግ ነው፣ የዙሪክ ነው፣ የበርሊን ነው። ያልጠየቁኝን ሰዎች ላለማሳፈር የተጻፈ ጥሩ መጽሐፍ ነው። ይህን ይዤ አንድ ቀን ተኩል በባቡር ሄጄ፣ ለወጣቶች ስለ እውነት ላስተምር? አፌ እሺ አይለኝም።

ትናንት ለዩኒቨርሲቲው ጻፍኩ። "ያደነቃችሁት መጽሐፍ አልተጻፈም፤ አሁን የጻፍኩት ደግሞ ያደነቃችሁት አይደለም። ስለ ጥሪያችሁ ከልብ አመሰግናለሁ፤ አልመጣም" አልኳቸው። ከፖስታ ቤት ስወጣ ተርቤ ነበር፤ ሁለት ሳህን አሣ በላሁ።

የቀረው ፕራንትል ነበር። እሱን ማዳን እንዴት ይቻላል እያልኩ ሐይቁ ዳር ስመላለስ አንድ ነገር መታኝ። በአውሮፓ ስለ እኔ መጽሐፍ ከጻፉት ሁሉ መጽሐፉን በእርግጥ የሚያውቀው ማነው? እሱ ብቻ ነው! ፕራግ ሂሱን አነበበች፤ ዙሪክ ፕራግን አነበበች፤ በርሊን ሁለቱንም ሰደበች። ፕራንትል ግን አሥራ ሁለት ዓመት ተቀምጦ ሰማኝ፤ አቋረጠኝ፤ ሳል ይዞት እንኳ አልቀረም። ይህንኑ ለጋዜጣው ጻፍኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ይወጣል። "መጽሐፌ የታተመው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ በአፍ። እትሙም ሐሙስ ሐሙስ በቬሰሊ ካፌ ነው። ሳልጽፈው ዝም ማለቴ የእኔ ጥፋት ነው፤ የአቶ ፕራንትል ፍርድ ግን ልክ ነው፤ በችኮላ ነው የተናገርኩት፤ ሁልጊዜ ካፌው ሊዘጋ ሲል ነበርና" ይላል። ቢስቁ በእኔ ይሳቁ። ሳቅ ሲጀመር ከባለቤቱ ከጀመረ አይጎዳም።

መልስ አልጠብቅም ብለዋል። እኔ ግን ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ጀምሮ ያቺን "እንዲሄዱ አልፈልግም" የምትል መስመር ደጋግሜ ሳነባት ከረምኩ። ክሬሰንስ "ደብዳቤውን አጠፍከው ገለጥከው፣ ሊቀደድ ነው" ትለኛለች። የከተማ ርቀት ሲጠየቅ የባቡር ሰዓት የሚመልስ ሰው ፈላስፋ አይባልም፤ ይህን አምኛለሁ።

ከዚህ ጋር አንዲት ትንሽ ወረቀት አለች። እባክዎን አሎይስ አጠገብ አይክፈቷት። መልሱ "አይሆንም" ከሆነ አይጻፉልኝ፤ ይገባኛል። "አዎ" ከሆነ በኦክቶበር መግቢያ፣ እህቴ ፖሟን ሰብስባ ስትጨርስ እመጣለሁ።

ካዚሚር


ቪየና፣ ሴፕቴምበር 23 ቀን 1926

ካዚሚር፣

ትንሿን ወረቀት ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ ከፈትኳት። አሎይስ በቁልፉ ቀዳዳ አየኝ፤ "እሜቴ፣ ሽንኩርት ነው?" አለ። "ሽንኩርት ነው" አልኩት። ጠረጴዛው ላይ አንድም ሽንኩርት አልነበረም።

ጋብቻ ግን በ"እርስዎ" አይጠየቅም። አንተ ብዬሃለሁ፤ አንተም አንቺ በለኝ።

መጀመሪያ የካፌውን ልንገርህ፤ ልብህ እዚያ እንዳለ አውቃለሁ። ጽሑፍህ ዛሬ ጠዋት ወጣ። ቀኑም ሐሙስ ነው፤ ጋዜጣው አስቦበት ይሁን ሳያስብበት እንጃ። የአማካሪው ሚስት አንብበው ጋዜጣውን ዘጉና "እኔ መጀመሪያውኑ ጠርጥሬ ነበር" አሉ። ተማሪው "ሦስተኛ ጊዜ ላነበው ስል ነው ያጣሁት" አለ። በርሊን ምን እንደምትል ገና አልሰማንም፤ ዙሪክ ግን በነገር እንደማትለቅህ እወራረዳለሁ፤ በአፍ የተነገረ ዘለፋ የባሰ ነው ይሉ ይሆናል።

አቶ ፕራንትል ዘግይተው መጡ። በሩ ላይ ቆሙ፤ እንደ ወንጀለኛ። ሁሉም ዞሮ አያቸው። አሁን ሊስቁባቸው ነው አልኩ። ያኔ ያ ተማሪ ተነሥቶ "አቶ ፕራንትል፣ እውነት ነው? ሙሉውን ሰምተውታል?" አላቸው።

"ሙሉውን" አሉ በቀጭን ድምፅ።

"እባክዎን ይንገሩና! እኛ እኮ አላነበብነውም!"

አየህ? አንዱ እንዲህ ባለ ጊዜ ሁሉም "እኔም አላነበብኩትም፣ እኔም" እያለ ተንጫጫ። እንዲህ ያለ ደስታ በዚህ ቤት አይቼ አላውቅም፤ ሰው ከሸክም ሲገላገል ነው የሚመስለው። አቶ ፕራንትል ተቀመጡ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ መጽሐፍህን ከመጀመሪያው ጀመሩት። እያንዳንዱን ሐሳብህን እየነገሩ፣ ወዲያው እየነቀፉት፣ አራት ሰዓት ሙሉ! አሎይስ ወንበር ከየት ያምጣ? ሰው መስኮቱ ላይ ተቀመጠ። የአንተን ወንበር ግን ማንም አልነካም። ሲጨርሱ ወደ እኔ መጡና እጄን ስመው "ሰውየው ከእኔ ይበልጣል፤ እንዳይነግሩት" አሉኝ። ስለዚህ አልነገርኩህም።

ስለ ዩኒቨርሲቲው፦ በመቅረቱ ደስ ብሎኛል ብል ኃጢአት ይሆናል፤ ይሁን፣ ኃጢአተኛ ነኝ። የሆነው ቢሆን፣ አንድ ቀን ቢቆጭህ፣ በእኔ እንዳታሳብብ። በዚህ ላይ አሁኑኑ እንስማማ። እንዲሁም ቁርስ ላይ ጋዜጣ አይገለጥም፤ አልጋ ላይ ፍልስፍና አይነበብም። ያ ግራጫ ኮትህ ደግሞ ከእኔ ቤት ደጅ አያልፍም፤ አዲስ እናሰፋልሃለን። ያለቀ መጽሐፍህን ግን ይዘኸው ና፤ የማንም ይሁን፣ ስለ ጥርስ ሐኪሙ ያለውን ማንበብ እፈልጋለሁ። ለእሱ ጥርስ ከፍለሃል።

እንግዲህ ወደ ትንሿ ወረቀት። አዎ። ይኸው፤ በትልቁ ጻፍኩት። በአሎይስ ውሃማ ቀለም ላይነበብ ይችላልና ደግሜ ልጻፈው፦ አዎ።

በአንድ ነገር ግን አልተስማማሁም። እህትህ ፖሟን ሰብስባ እስክትጨርስ ብለሃል። ስንት ዛፍ እንዳላት ጠየቅኩ እንዴ? አንዴ ጠይቄ የባቡር ሰዓት አስመልሼሃለሁ፤ ይብቃኝ። ነገ ካፌውን ለአሎይስ አደራ ሰጥቼ፣ በመጀመሪያው ባቡር እነሣለሁ። ሁለት እጅ አለኝ፤ ፖም መልቀም እችላለሁ።

ለክሬሰንስ ሰላምታዬን አድርስልኝ ልል ነበር፤ ራሴ አደርሰዋለሁ። ይህንንም ደብዳቤ ቴምብር አልለጠፍኩበትም። ከእጄ ትቀበለዋለህ፤ አጠገብህ ቆሜ ታነበዋለህ።

ኦቲሊየ